የእትዬ ከድጃ ሁለተኛ ጥያቄ

የእትዬ ከድጃን መሞት የሰማሁት ከተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው። ጎንደር አራዳ ገበያ ጥላ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ባለ ሱቁ ጥላውን ከፍቶ እያሳየኝ፣ እንደ ዘበት፣

«ያች የቀድሞ የሥራ ባልደረባሽ ሞተች አሉ» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«የአዲስ ዓለሟ ናታ። ከድጃ። ያች ልጁን ያስገደለችው።»

እዚያው ቆሜ «እሷ አይደለችም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ጥላዬን ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ከድጃን ያወቅኋት ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወይዘሮ ሰብለ ፒያሳ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ የሠርግና የድግስ አዘጋጅ ቢሮ ሲከፍቱ ነው። ወይዘሮ ሰብለ ከዚያ በፊት ድንኳንና ወንበር ያከራዩ ነበር። እኔ ጽሕፈት የተማርኩ፣ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ ደግሞ አርባ ስምንት ዓመቷ። አባቷም አያቷም በእስላሞቹ ሰፈር በአዲስ ዓለም ጨርቅ የሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ነጃትን ብቻዋን አሳድጋ ድራለች። ወንድም የላት፣ ወንድ ልጅ የላት።

ወይዘሮ ሰብለ እሷን ለምነው ያመጧት ያለ ነገር አልነበረም። በእኛ ከተማ ሠርግ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው፤ ድንኳኑም ለየብቻ። ከድጃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዘመድና የጎረቤት ሠርግ በተደገሰ ቁጥር የተጠሪውን ስም በቃሏ ይዛ፣ ማን በየትኛው ድንኳን እንደሚገባ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደሰነበተ፣ የማን ፍቺ ገና ያልደረቀ ቁስል እንደሆነ አውቃ ሰው ስታስቀምጥ የኖረች ናት። አንድም ቀን ያልሆነ ሥጋ ያልሆነ ሰው ፊት አልቀረበም። አንድም ቀን ተጣልተው የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት አልተቀመጡም። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ግን ወሬኛ አልነበረችም። ነገር ከእሷ አይወጣም።

የመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ስላት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየችኝና፣

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና ምርኩዝ አልያዝኩም» አለችኝ። «እትዬ ካልሽኝ ይበቃል።»

ወይዘሮ ሰብለ ከአዲስ አበባ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስመጡ። ዛሬ ብዙ ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ያኔ ግን ለጎንደር አዲስ ነበር። ለአንድ ሠርግ አንድ መዝገብ ይከፈታል። በመዝገቡ ውስጥ ለአዳራሹ፣ ለምግቡ፣ ለተጠሪው ስም፣ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ለሚያርፍበት ቦታና ለሚደርስበት ሰዓት፣ ለፎቶው ለየብቻ ገጽ አለው። ሙሽራውም፣ ሙሽሪትም፣ ወላጆችም የየራሳቸው የመግቢያ ስምና ፓስዎርድ ይሰጣቸውና በስልካቸው ገብተው ያያሉ። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሦስት ምርጫ አለ፤ ለሁሉም ደንበኛ ይታይ፣ ለተመረጠ ሰው ብቻ ይታይ፣ ለቢሮ ብቻ ይሁን። እንግሊዝኛውን ከድጃ በራሷ አማርኛ ጽፋ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፋው ነበር። ማንም ካልነካው ሁሉም ነገር ለሁሉም እንደሚታይ ያስተዋለችው እሷ ናት። እኛ ፕሮግራሙ ፎቶ መያዙ ሲደንቀን፣ እሷ ያን ታች ያለውን ትንሽ ምልክት ነበር የምታየው።

ያስተዋለችውም በአንድ የአዲስ ዓለም ሠርግ ነው። ፎቶ አንሺው የሂና ቀን ያነሣቸውን ፎቶዎች ሁሉ ጫነና ሄደ። ሴቶቹ ብቻቸውን ስለነበሩ ፀጉራቸው ተገልጦ፣ እጅጌያቸው ተሰብስቦ ይጨፍሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሙሽራው አጎት ልጅ ደውሎ እየሳቀ ስለ አንዲቱ ልጅ ጠየቀ፤ «ያች ረጅሟ የማን ናት?» ብሎ። ከድጃ ስልኩን ዘጋችና ተቀመጠች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ስትዘጋ ዋለች፤ ሁሉንም በአንዴ መዝጋት እንደሚቻል ገና አናውቅም ነበር። ምሳ አልበላችም። ሲመሽ እጇን እያፍተለተለች፣

«የሺ፣ የተዘጋ ነገር ነገም ይከፈታል» አለችኝ። «የታየን ነገር ግን ማን ይከድነዋል?»

በማግስቱ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዳ እናትየዋን ይቅርታ ጠየቀች። ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ነው ብላት፣ «ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። አንደኛው «ይህን ማን እንዲያየው ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነው፤ ይህን ቤተ ዘመዱ በተሰበሰበበት ትጠይቃለች። ሁለተኛውን ግን ሙሽሪትን ለብቻዋ ወደ ኋላው ክፍል ወስዳ፣ ሙሽራውንም ለብቻው ወስዳ ነው የምትጠይቀው። «ማን እንዳያየውስ ትፈልጊያለሽ?» ስንቱ ሰው ለዚህች ጥያቄ እንዳለቀሰ እኔ በሩ ውጪ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከእናቷ ተደብቃ የእንጀራ እናቷን የጠራች ነበረች። ሊሞት የደረሰ ወንድሙ እንዳይታወቅበት ሐኪም ቤት አጠገብ ክፍል ያስያዘ ነበር። ከድጃ ሰምታ ትወጣለች፤ ቁጭ ብላ ታች ያለችውን ምልክት ትነካለች፤ ከዚያ ምሳ ምን እንብላ ትለኛለች።

የማይገባውን የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ አንድ ልማድ ነበራት። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፣ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ የሰውዬውን ልጆች ደኅንነት በየስማቸው ትጠይቃለች። አንዲት የሙሽራ እናት ባለጋራዋ የት እንደምትቀመጥ አስቀድማ ለማየት ማር በቅል ይዛ መጥታ ነበር። ከድጃ የልጆቹን ጤና ጠይቃ ስትጨርስ፣

«ማሩን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ እቴ» አለቻት። «ወንበሩን እሑድ ታይዋለሽ።»

ሴትዮዋ ስቃ ሄደች። ማሩን ግን ትታው ነበርና ከድጃ አስይዛ መለሰችላት።

ክፉ ጎን አልነበራትም አልልም። ግትር ነበረች። እኔን እንደ ልጇም እንደ ተላላኪዋም ታየኝ ነበር። አንዴ የአንድ ደንበኛ ስም በስልክ ጮክ ብዬ ስለጠራሁ፣ ሰው ፊት «አፍሽ በር የለውም?» ብላኝ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። በማግስቱ አልጠየቀችኝም፤ ይቅርታም አላለችኝ። ግን ገጾቹን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን ያላቸው እሷና ወይዘሮ ሰብለ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ከድጃ ፓስዎርዷን በእኔ ፊት ትጽፍ ነበር። ጣቷ ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ሰሞን አይቼ ያዝኩት። መያዜንም ታውቃለች። በዚያ ቢሮ ከሰው ሁሉ የምታምነው እኔን ነበር።

የማሪቱ ሠርግ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። ማሪቱ የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፤ ጎንደር ታስተምር ነበር። እጮኛዋ አስቻለው የሳንጃው የሰሊጥ ነጋዴ የአቶ ደሴ ልጅ ነው። ደስ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ደሴም ጨዋ ሰው ነበሩ። ከድጃ እንደ ልማዷ ማሪቱን ወደ ኋላው ክፍል ይዛት ገባች። ብዙ ቆዩ። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ቁጭ ብላ የእንግዶች ማረፊያ የሚለውን የሙሽሪት ወገን ገጽ ለማሪቱና ለራሷ ብቻ እንዲታይ አድርጋ ዘጋችው። ዝርዝሩን ራሷ ጻፈችው፤ እንድጽፍላት እንኳ አልሰጠችኝም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ይህ ገጽ አይከፈትም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ለአንቺም ሸክም ነው።»

ቅር አለኝ። ሦስት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ምን የማይነገረኝ ነገር አለ ብዬ ሆዴ ሻከረ። ያ ቅሬታ ትንሽ ነገር ይመስል ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። የማሪቱ አባት በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ታስሮ፣ እዚያው እስር ቤት ሞቶ ነበር። ደሙ ግን አልደረቀም። የተገደለው ሰው ልጆች ዓይናቸውን በማሪቱ ወንድም በጌትነት ላይ ጥለው ስለነበር፣ ልጁ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ አገሩን ትቶ ሐዋሳ ብረት ብየዳ ይሠራ ነበር። ለእህቱ ሠርግ ግን እመጣለሁ አለ። ቅዳሜ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ጠዳ ገብቶ አንድ እንግዳ ማረፊያ ሊያድር፣ እሑድ ማለዳ ወደ ሠርጉ ሊመጣ ነበር። ይህን የሚያውቁት እህቱና ከድጃ ብቻ ናቸው። እናቱ እንኳ አያውቁም።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ ከድጃ ለቀትር ሶላት ወደ ቤቷ ሄደች። ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ሰባት ሰዓት ላይ አቶ ደሴ ደወሉ።

«ልጄ፣ እንግዳ የሚያመላልስ አምስት መኪና አዘጋጅቼ የሙሽሪት ወገን የት እንደሚያርፍ ተዘግቶብኛል» አሉኝ። «እኔ በልጄ ሠርግ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው?»

እትዬ ከድጃ እስክትመለስ ይታገሡ አልኳቸው። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ሰብለ ከባሕር ዳር ደወሉ፤ አቶ ደሴ ነግረዋቸዋል።

«ክፈችላቸው» አሉኝ።

«እትዬ ከድጃ አይከፈትም ብላለች።»

«ቢሮው የማን ነው?»

«ደግሞስ በእኔ ስም አይከፈትም፤ ሥልጣኑ የእሷና የእርስዎ ነው።»

«እኔ መንገድ ላይ ነኝ። የሷን ፓስዎርድ ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ታስለፈልፊኛለሽ?»

ተነሥቼ ከድጃ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእኔ የተደበቀውን አየሁት፤ የሰው ስም፣ የማረፊያ ስም፣ የሰዓት ዝርዝር እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ለዚህ ነው ይህን ያህል ብዬ ናቅሁት። ለአቶ ደሴ ብቻ መክፈት ይቻል ነበር፤ ግን ስም መምረጥ፣ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። ለሁሉም ይታይ የሚለውን ነካሁና ተነሣሁ። ለእሳቸው ብቻ ብከፍተውም ያው ነበር፤ አቶ ደሴ ስልክ አይነኩም፤ የሚከፍትላቸው ሾፌራቸው ነው። ሾፌሩ ደግሞ ከእነዚያ ደም ፈላጊ ልጆች ጋር የአክስት ልጅ ነው፤ አቶ ደሴም ይህን አያውቁም ነበር። ያው ነበር የምለው ግን ራሴን ለማጽናናት ነው።

ከድጃ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ።

አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ምንም» አልኳት።

እሑድ ማለዳ እኛ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እንቆጥር ነበር። ጌትነት ከማረፊያው ወጥቶ ባጃጅ ሊሳፈር ሲል ሰው እያየ ጠዳ መንገድ ዳር ላይ ተኩሰው ገደሉት። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ስልኩን የተቀበለችው ከድጃ ናት። ሰምታ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ማን የትኛውን ገጽ በስንት ሰዓት እንደነካ የሚጽፍበት ቦታ አለው፤ እኔ ማንም አያየውም ብዬ የማስበው ቦታ ነበር። አነበበችው። ከዚያ ጠራችኝ።

«ዓርብ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ እኔ የት ነበርኩ?»

«ሶላት ላይ።»

«ታዲያ ይህች ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ገጹን የከፈተችው ከድጃ ማን ናት?»

ከድጃ አልጮኸችም። ገጹን መልሳ ዘጋችው፤ ምን ይጠቅማል፤ ዘጋችው ግን። ከዚያ ሙሽሪት ወደምትለብስበት ክፍል ሄደች። ለማሪቱ የነገረቻት እሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈቀደችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማሪቱ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እጇ ላይ ጓንት አድርጋ፣ ሌላውን ጓንት እንደያዘች አየቻት።

«ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ» አለቻት።

«አዎ» አለች ከድጃ። «ለእኔ ብቻ ነበር።»

ሠርጉ ፈረሰ። ማሪቱና አስቻለው ከዚያ በኋላም አልተጋቡም። ሾፌሩና ደም ፈላጊዎቹ ሁለት ልጆች ተይዘው ተፈረደባቸው። የአቶ ደሴ ፀጉር በአንድ ክረምት ነጣ።

ፖሊስ ወደ ቢሯችን ሲመጣ ኮምፒውተሩ የጻፈውን አትሞ ወሰደ፤ ስሙ የከድጃ ነው። ወይዘሮ ሰብለ «እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ፤ ማንንም ክፈት አላልኩም» አሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸውን አላነሡም። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ የተጻፈው ይበቃል» አሉኝ። ከድጃን ሲጠይቋት አጠገቧ ነበርኩ።

«ፓስዎርዱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ?»

መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። 

«ለሌላ ሰው እንዳይታይ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር» አለች።

አሥራ አንድ ቀን አሠሯት። ሆን ብላ እንዳላደረገችው ሲታይ ለቀቋት፤ ከሥራ ግን ተባረረች። በወጣች በሁለተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ፊቷ ከስቶ መነጽሯ ሰፍቷት ነበር። ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬ አትነግሪም።»

«ምነው?»

«ስንት ወንድም አለሽ?»

«ሁለት።»

«ትልቁ በየትኛው መንገድ ነው ሚኒባስ የሚነዳ?»

በትክል ድንጋይ መንገድ ነበር። ያኔ ገባኝ።

«የጌትነት አጎቶች ደማቸው ፈልቷል» አለችኝ። «ስምሽን ቢሰሙ የሚይዙት አንቺን አይደለም። እኔ ወንድም የለኝ፣ ወንድ ልጅ የለኝ። ከእኔ ምን ይወስዳሉ? ስሜን ነው። ይውሰዱት። እርቅ እስኪወርድ ድረስ ዝም በይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያንቺ ነው። እኔ የሰው ስም አላወጣም። ስምሽን ራስሽ ታወጭዋለሽ።»

እኔ የከድጃን ወንበር ወረስኩ። ወይዘሮ ሰብለ ሥልጣኑንም ፓስዎርዱንም ሰጡኝ። እሷ በአባቷ አሮጌ ሱቅ ውስጥ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጥ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሰው ያስቀመጠችላቸው ቤቶች ለሠርግ መጥራታቸውን ተዉ። በእንግድነት እንኳ የሚጠራት ጠፋ፤ ለቅሶ ልትደርስ ድንኳን ውስጥ ስትገባም ሰው ወሬውን ያቋርጣል አሉ። ነጃት ልትወስዳት ከባሕር ዳር ብትመጣ «ጥፋተኛ ነው የሚሸሽ» ብላ እንቢ አለቻት።

እርቁ የወረደው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው ሁለቱን ወገን አስማሙ፤ ከእንግዲህ ደም እንዳይፈለግ መስቀል መሐል አስገብተው አስማሉ። በሰማሁ ሳምንት ወደ ከድጃ ሱቅ ሄድኩ። ቃሉን አፌ ውስጥ እያላመጥኩ ነበር የሄድኩት። አየችኝና ተነሣች።

«እርቁ ወረደ አሉ» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ወንድሞችሽ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቆመች። እኔም ቆምኩ። ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሰብለ ደመወዜን ጨምረውልኝ ነበር፤ ታጭቼም ነበር፤ የእጮኛዬ ዘመዶች ምን ይሉኛል እያልኩ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ ፊቴ ላይ ግን ሳታነበው አልቀረችም።

«ክር ፈልገሽ ነው?» አለችኝ መጨረሻ።

«አዎ።»

«ነጭ ነው ጥቁር?»

«ነጭ።»

በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ሌላ የምትፈልጊው አለ ወይ አለችኝ፤ የለም አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ አዲስ ዓለም የሚያስገባኝ ነገር ሲኖር እንኳ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነ። በመሐሉ አገር ታመሰ፣ ሱቅ ተዘጋ ተከፈተ፣ ሠርግም ቀነሰ። እሷ ልቧን ታማለች ሲሉ ሰማሁ፤ ልጠይቃት አልሄድኩም። አንዱን ቀን ለሌላው ቀን አሳልፌ ሰጠሁት። አገባሁ፤ በሠርጌ ቀን ጥሪ አልላክሁላትም።

ያን ጥላ የገዛሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደረስኩ። ነጃት አቅፋ ሳመችኝ። እንግዳውን ገፋ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እናቴ ሁሌ ታነሣሽ ነበር» አለችኝ። «የሺ አንድ ቀን ትመጣለች ትል ነበር። እንኳን መጣሽ።»

የምትለውን ነገር ምንነት አታውቅም። ከድጃ ለልጇም አልነገረቻትም። ለቅሶ ቤቱ ሙሉ አልነበረም። በዚያ ከተማ የስንቱን ቤት ሠርግ ያሳመረች ሴት ስትሞት፣ አሥራ ሁለት ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆጠርኳቸው። እዚያው ለነጃት ነገርኳት፤ በጆሮዋ፤ በአጭሩ። እጄን ይዛ ነበር። ለቀቀችው። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና እስክወጣ ድረስ አልተመለሰችም።

በማግስቱ በማለዳው ሚኒባስ ትክል ድንጋይ ወረድኩ። የጌትነትን እናት ወይዘሮ ጠጄን ጠይቄ አገኘኋቸው። አጥር ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ እየቀነጠሱ ነበር። አንድ ጥቁር ሻሽ ከግንባራቸው ዝቅ አድርገው አስረዋል። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ቁሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋቸው። ዓርቡን፣ ስልኩን፣ የከድጃን ወንበር፣ «ምንም» ያልኳትን። አላቋረጡኝም። እጃቸው ግን ቅጠሉን መቀንጠሱን አቆመ።

«ሙታለች ነው ያልሽኝ?» አሉ ስጨርስ።

«አዎ። ሳምንት ሊሆናት ነው።»

«እሷ እዚህ መጥታ ነበር» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ። በየሙት ዓመቱ ትመጣለች። ከዚያ አጥር ውጪ ትቆማለች፤ ግቢ ብዬ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ አንሥቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ደክሞኝ ነበርና ወጥቼ፣ እስኪ የምትነግሪኝ ካለሽ ተናገሪ አልኳት።»

«ምን አለችዎ?»

«የምነግርሽ ነገር የእኔ አይደለም አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እየቀለደችብኝ መስሎኝ ልጄን እንደበላሽ አፈር ይብላሽ ብዬ ረገምኳት። አሜን አለች። አሜን ብላ ሄደች።»

ጌሾውን ከጭናቸው ላይ አራገፉ። የወደቀውን ቅጠል ከመሬት ይለቅሙ ጀመር። ይቅር ይሉኝ እንደሆነ ስጠብቅ እንደነበር የገባኝ፣ ቀና ብለው ሲያዩኝ ነው።

«ምነው ልጄ» አሉኝ። «ምነው እሷ ሳለች?»

ከድጃ ትቆምበት ወደነበረው አጥር ዞረው አዩ።

«እኔስ አሁን የረገምሁትን ከየት አምጥቼ ልመልሰው?»

ከዚያ ወደ መንገዱ በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ የጎንደሩ መኪና እየመጣ ነበር።